ለቮልስ ባለቤቶች፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላሉት መካኒክ ምስጋናዬ

አሮጌ ቮልስ የምትነዱ ሰዎች ይህችን አንብቡልኝ። የእኔዋ በ1969 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ከአባቴ የወረስኳት ናት። ሰሞኑን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ላይ ጉልበት እያጠራት፣ ቆማም እየተንቀጠቀጠች አስቸገረችኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ «ሞተሩ አልቆለታል፣ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት» ብሎ ኪስ የሚያራቁት ዋጋ ነገረኝ።

ወደ እኚህ አዛውንት የላከኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እኔም እንደ ሠፈሩ ሰው ጋሼ ልበላቸው። የሞተሩን ክዳን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና «ዛሬ አትነካም፤ ትደር» አሉኝ። ደስ አላለኝም፤ ግን አሳደርኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ፍጹም በርዶ ነበር። የቮልስ የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩና እሱን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ስስ ክፍተት፣ ሞተሩ ሲግል አይለካማ! ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ገብተው የቫልቩን ክዳን የያዘውን ሽቦ በካቻቢቴ ፈነቀሉ፤ ፑሊውን በቁልፍ እያዞሩ ስስ የብረት መለኪያቸውን አንድ በአንድ አስገቡ። 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ክፍተት የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ጋ ሲደርስ ጨርሶ የለም፤ መለኪያዋ አልገባ አለች።

«ሁልጊዜ እሱ ነው» አሉ ሳይገረሙ። በዚያ ዘመን ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የዚህን ሲሊንደር ነፋስ ስለሚጋርድ ከአራቱ ይበልጥ የሚግለው እሱ ነው። ቮልስ ደግሞ ራዲያተር የላትም፤ ያላት የማራገቢያው ነፋስና 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ጥቂት ብዘገይ ቫልቩ ይቃጠል ነበር። እሳቸው ግን ክፍተቱን መልሰው፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያስነሳውን ፑንቲና አጽድተው፣ ቤንዚንና አየር ወደሚደባልቀው ካርቡሬተር ዞሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላዎቼ ጥላሸት የለበሱት ለካ ለዚህ ኖሯል። ከአሮጌ ዕቃ ሣጥናቸው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች የቤንዚን ማሳለፊያ ፈልገው ገጠሙላት።

የተቀበሉኝ የእጅ ዋጋቸውን ነው፤ ያኛው ጋራዥ ከጠየቀኝ አንጻር የሻይ ነው። እንጦጦንም ወጥታዋለች፣ በሦስተኛ ማርሽ ባይሆንም። 34 ዓመት የነዳት አባቴም ቢሆን በሦስተኛ አውጥቷት አያውቅም።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለምትሄዱ፦ ስልክ አያነሱም፤ ቸኩሉልኝ ብትሏቸውም አይሰሟችሁም። የአሮጌ መርሴዲስ ናፍጣ ሞተርም ይሠራሉ፤ በኮምፒውተር የሚመረመሩትን አዳዲሶቹን ግን አይነኩም። ለዝገትና ለቆርቆሮ ሥራ ባትላሜራ ፈልጉ። መኪናችሁን ከሰዓት በኋላ ወስዳችሁ አሳድሯት፤ ሥራው የሚጀመረው ጠዋት ነው።