የፓወር ሰፕላይ ጫጫታ፦ ፌራይት ቀለበት ወይስ ባለ ትራንስፎርመር?

የአማተር ሬዲዮውን (መቀበያና ማስተላለፊያውን) ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልት የሚመግብና በሬዲዮው ጫጫታ የሚሰማ ሰው፣ አስቀድሞ በመኪና ባትሪ ይሞክረው። ጫጫታው ካልጠፋ ከጎረቤት ወይም ከሌላ ዕቃ ነውና ገንዘብ አያውጣ።

ፌራይት ቀለበት (ሽቦ የሚጠመጠምበት፣ ጫጫታ የሚያፍን መግነጢሳዊ ቀለበት)፦ ርካሽ ነው። ከአሮጌ የሞኒተር ገመድ የወጣውን በገመዱ ላይ አንዴ ቆልፎ መተው ግን ለ7 ሜጋኸርዝ (አማተሮች ለሚጠቀሙበት አንድ የአጭር ሞገድ ባንድ) ምንም ያህል አይረዳም። ባለ 31 ቁጥር (የፌራይቱ ዓይነት ቁጥር ነው) ትልቅ ቀለበት ይፈለግ፤ የዲሲው (የ12 ቮልቱ) ሁለት ሽቦዎች አንድ ላይ ከ8 እስከ 12 ዙር ይጠምጠሙ፣ ለ220 ቮልቱ ገመድም ሌላ ቀለበት። ዙሩ እጥፍ ሲሆን አፈናው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ለየብቻ ከጠመጠሙት ግን ቀለበቱ በዲሲው ፍሰት መግነጢሱ ይሞላና ማፈኑን ያቆማል። ጫጫታ ይቀንሳል ብሎ የምድር ሽቦ መቁረጥማ አደጋ ነው።

ባለ ትራንስፎርመር ፓወር ሰፕላይ (220 ቮልቱን በከባድ ትራንስፎርመር የሚቀንስ)፦ ከምንጩ ጸጥ ያለ። ቢበዛ የ100 ኸርዝ እምምታ (ወፍራም የማጉረምረም ድምፅ) ይቀራል፤ ኮንደንሰር ይጨመርበታል። ክብደቱ ወገብ ይፈትናል፣ ግማሽ ያህሉን ኃይልም ሙቀት ያደርገዋል። በድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት ያለ ፋን አይታሰብም።

ለ5 ዋት ሬዲዮ ትንሽ ባለ 3 አምፔር ትራንስፎርመር ይሻላል። 100 ዋት ለሚያስተላልፍና የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ በእጁ ላለ ግን ቀለበቱ ይበቃዋል።