ከጃንጥላ የተሠራ ጃንጥላ፦ የጠርሙስ ሮኬት ውሎ በደብረ ማርቆስ

ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ከጥምቀት በኋላ አንድ ማታ መጥታ "እማ፣ ሮኬት ልናስወነጭፍ ነው፤ ለምዝገባ 150 ብር ስጪኝ" አለችኝ። ርችት መሰለኝና እምቢ አልኳት። በዚህ ጊዜ ድንገት የሚጮህ ነገር ሁሉ ሰው ያስደነግጣል። እሷ ግን አላኮረፈችም። ባዶ የሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ አምጥታ ስፌት መኪናዬ ላይ አቆመችው። "ሮኬቱ ይኸው። ባሩድም እሳትም የለውም። ውሃና አየር ብቻ ነው" አለችኝ።

ብሩን ሰጠኋት፤ ቅዳሜ ደግሞ ራሴ አብሬያት ሄድኩ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፍቼ ነው የማድረው። ስለ ሮኬት የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ሙሉ ቀን መስክ ላይ ከዋልኩ በኋላ ግን የምለው አለኝ። ልጁን ለመላክ የሚያስብ ወላጅ ያንብበው ብዬ ነው የምጽፈው። ነቀፌታም ስላለኝ ውሎውን ያዘጋጀውን ክበብ ስም አላነሳም። ሁለት የፊዚክስ መምህራንና ጥቂት ትልልቅ ተማሪዎች ናቸው የሚመሩት።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። በ150 ብሩ ልጆቹ ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተምረዋል። ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ሲባጎና አንድ አንድ ፌስታል ተሰጥቷቸዋል። ሮኬቱን ማንም አልሠራላቸውም። ክንፉን የቆረጠችው ልጄ ናት፤ አንዱ ክንፍ ጠማማ ሆኖባት ሁለቴ አፍርሳ ሠርታዋለች። ይህን ሳይ ብሩ አልቆጨኝም። የስፌት ሥራም የሚለመደው እንዲሁ ነው፤ ሰፍተሽ፣ ፈትተሽ፣ መልሰሽ ሰፍተሽ።

ቤት ስትመጣ ደግሞ የተማረችውን ለኔ ታስተምረኝ ነበር። ሃይላንድ ለምን እንደማይሆን ጠየቅኳት። የውሃ ጠርሙስ ስስ ነው፤ የለስላሳ ጠርሙስ ግን ጋዝ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ግፊት ይሸከማል አለችኝ። ውሃው ለምን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሞላል? ከበዛ ለአየሩ ቦታ አይተርፍም፤ ካነሰ ደግሞ ወደ ታች የሚተፋ ነገር ይጠፋል። ሮኬቱን ወደ ላይ የሚገፋው ወደ ታች የሚተፋው ውሃ ነው። ውሃ ከአየር ስለሚከብድ ግፊቱም ብርቱ ነው። ኒውተን የሚባለው ሳይንቲስት ለእያንዳንዱ ግፊት እኩል ተቃራኒ ግፊት አለ ያለውን እኔም በትምህርት ቤት ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ግን አሁን ነው።

አንድ ነገር በጣም ወደድኩላቸው። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደሆነ ሳያስወነጭፉ ይፈትሹታል። ሚዛኑ በሚቆምበት ቦታ ላይ ሲባጎ ያስሩና ከራስ በላይ እንደ ወንጭፍ ያዞሩታል። አፍንጫው ከቀደመ ደህና ነው። ጭራው ከቀደመ ወይም ከተወላገደ አየር ላይም ይወላገዳል። የልጄ መጀመሪያ ተወላገደ። አፍንጫው ውስጥ እፍኝ የማትሞላ ለስላሳ ጭቃ ጨመረችበትና ሚዛኑ ወደ ፊት መጣ። እንደገና ስታዞረው እንደ ዓሣ ቀጥ አለ። እሷ ስትስቅ እኔ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት በባጃጅ ኮንትራት 120 ብር ከፍለን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የግጦሽ መስክ ሄድን። ሰማዩ ጥርት ብሎ የጮቄ ተራራ ከሩቅ ይታያል። የጥር ብርድ ስለነበር ጋቢ ለብሼ ነበር። ክበቡ ቦታውን በደንብ መርጧል። ዛፍ የለም፣ የመብራት ሽቦ የለም፣ ቤት የለም። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ብቻ ነበሩ። "ከብቶቼን አያስበረግግብኝም ወይ?" ብለው ጠየቁ። ከትልልቆቹ ተማሪዎች አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ "አባቴ፣ እንደ ጎማ ነው እፍ የሚለው፤ ቢፈልጉ አንዱን በባዶው ላሳይዎት" አላቸው። አሳያቸውም። ለቀበሌውም ቀደም ብለው አሳውቀው ነበር። እኔ የፈራሁት ይህንኑ ስለነበር ልቤ አረፈ።

አሁን ነቀፌታ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀመራል ተባለ። የተጀመረው 4 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ አየር የሚነፋበት መንፊያ ቤት ተረስቶ ነው። በኛ አገር በጥር ጠዋት ነፋስ የለም፤ ነፋሱ የሚነሳው ፀሐይ ስትሞቅ ነው። ጸጥ ያለውን ሰዓት ቁጭ ብለን አሳለፍነው። ይህ መዘግየት በኋላ ምን እንዳመጣ እነግራችኋለሁ።

ስንጠብቅ አንዱ መምህር ልጆቹን ከበው አስቀምጠው ታሪክ ነገሯቸው። በ1926 እ.ኤ.አ. ሮበርት ጎዳርድ የሚባል አሜሪካዊ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ሮኬት አስወነጨፈ። ሮኬቱ 12 ሜትር ተኩል ያህል ወጣ። ሁለት ሰከንድ ተኩል ቆይቶ ጎመን ማሳ ላይ ወደቀ። ልጆቹ "የኛ ይበልጠዋል!" ብለው ጮኹ። መምህሩ አልሸነገሏቸውም። "በከፍታ ልትበልጡት ትችላላችሁ። እሱ ግን ቤንዚንና ፈሳሽ ኦክስጅን አብሮ እንዲነድ ያደረገ ሰው ነው፤ ወደ ጨረቃ የሄዱትም በፈሳሽ ነዳጅ ነው" አሏቸው። አንዲት ልጅ የኢትዮጵያ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በቻይና ሮኬት ከቻይና ምድር እንደመጠቀች ነገሯት። "በኛ ሮኬትስ መቼ ነው?" አለች። መምህሩ ዝም ብለው ጠርሙሷን አሳዩዋት።

ማስወንጨፉ ራሱ ያምራል። ጠርሙሱ በአፉ ተደፍቶ ማስወንጨፊያው ላይ ይቆለፋል። ረጅም ቱቦ አለው። ልጁ አሥር ሜትር ርቆ ቆሞ በብስክሌት መንፊያ ይነፋል። ሌላ ልጅ የግፊት ሰዓቱን እያየ "ሁለት ባር… ሦስት ባር…" ይላል፤ ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው። አራት ላይ ይቆማል። ከአምስት በላይ መንፋት ክልክል ነው፤ ጭረት ያለበት ጠርሙስም ከጨዋታ ውጪ ነው። ከዚያ ሁሉም ከአምስት ወደ ታች ይቆጥራል። ሮኬቱን የሠራችው ልጅ መልቀቂያውን ገመድ ትስባለች። ፏ! ውሃው ተተፍቶ የሚያልቀው ዓይን ሳይጨፈን ነው። ነጭ ጉም ብቻ መሬት ላይ ይቀራል። ቀና ስትሉ ጠርሙሱ ጣት አክሏል።

ከፍታውን የሚለኩበትን ዘዴ እኔ በሜትር የምኖር ሰው ስለሆንኩ ወደድኩት። አንድ ልጅ 40 ሜትር ርቆ ይቆማል። እጁ ላይ ክርና ጠጠር የተንጠለጠለበት ፕሮትራክተር፣ ማለት የማዕዘን መለኪያ፣ አለ። ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ አነጣጥሮ ክሩን በጣቱ ይይዘዋል። 45 ዲግሪ ካነበበ ሮኬቱ ከዓይኑ በላይ 40 ሜትር ወጥቷል ማለት ነው። ለሌሎቹ ዲግሪዎች ሰንጠረዥ አላቸው። የልጄ 42 ዲግሪ አሳየ። 36 ሜትር ነው፤ የለካው ልጅ ዓይን ከመሬት ያለው ከፍታ ሲደመርበት 37 ሜትር ግድም። የጎዳርድን ሦስት እጥፍ። እስካሁን ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ አለ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክበቡ ለመውጣቱ የተጨነቀውን ያህል ለመውረዱ አልተጨነቀም። ሮኬቱ ሲወርድ ቀስ ብሎ እንዲያርፍ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ጃንጥላ፣ ማለት ፓራሹት፣ ታጥፎ ይገባል።

ቆጥሬያለሁ። በዚያ ቀን 17 ጊዜ ተወንጭፏል። ጃንጥላው የተከፈተው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። የቀሩት በአፍንጫቸው እየመጡ መሬት ላይ ተተከሉ። ልጆች ሦስት ቀን የለፉበት ክንፍ በአንድ ውድቀት ሲሰበር ያሳዝናል። የባሰውም መጣ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በርትቶ ሳለ አንዱ ሮኬት ወደ እኛ ዞረ። እናቶች ከተቀመጥንበት አራት እርምጃ ላይ እንደ ጦር ተሰካ። ማንም አልተነካም። እኔ ግን ተነስቼ ተናገርኩ። ተመልካች ነፋሱ በሚሄድበት በኩል አይቀመጥም። ገመድ አልተወጠረም፣ ቦታ አልተለየም። መከላከያ መነጽሩም ለዚያ ሁሉ ልጅ ሁለት ብቻ ነው። መምህሩ አልተቆጡም። "እውነትዎን ነው እትዬ" ብለው ወዲያው ሁላችንንም ወደ ሌላው ወገን አዛወሩን። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረባቸው። 2 ሰዓት ላይ ጀምረው ቢሆን ደግሞ ነፋሱም ባልነበረ።

ከዚያ በኋላ የወደቁትን ሮኬቶች እያነሳሁ ጃንጥላቸውን አየሁ። ችግሩ የኔ ሙያ ሆኖ አገኘሁት። ጃንጥላው ከፌስታል ነው የተቆረጠው። ፌስታል በክር ተወግቶ ሲሳብ ቀዳዳው ይተረተራል፤ ጠርዙ ካልተቀመቀመ ክር አይዝም። ክሮቹም እኩል አይደሉም። አንዱ ከረዘመ ጃንጥላው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ከሁሉ የባሰው ቆቡ ነው። ቆቡ፣ ማለት ከላይ ያለው የአፍንጫው ክፍል፣ ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ ሲገለበጥ በራሱ መውደቅና ጃንጥላውን ጎትቶ ማውጣት አለበት። ልጆቹ ግን እንዳይወድቅ ፈርተው በፕላስተር ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። ታዲያ በምን ይውጣ?

በዚያው ሰዓት ነፋሱ ልጄን ረዳት። ለፀሐይ ብላ የያዘቻትን ትንሽ ጃንጥላ ገልብጦ ሽቦዋን ሰበረው። ልታለቅስ ስትል ጨርቁን አየሁት። ስስ ነው፣ ነፋስ አያሳልፍም፣ ጠርዙ ዙሪያውን ተቀምቅሟል። ስምንት ማዕዘን አለው፤ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ክር የሚታሰርበት ጫፍ አለ። መሃሉ ላይ ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። አንዱን መምህር ስጠይቃቸው ያ ቀዳዳ ራሱ ይፈለጋል አሉኝ። አየሩ በመሃል ትንሽ ሲወጣለት ጃንጥላው አይወዛወዝም። እኛስ በአማርኛ ሁለቱንም ጃንጥላ የምንለው በከንቱ ነው?

መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም። ሽቦውን ፈታሁ። ስምንት ክር በእኩል ሰማንያ ሰማንያ ሳንቲሜትር ቆርጬ ማዕዘኖቹ ላይ ደርቤ ሰፋሁ። የጨርቁ ስፋት ሰባ ሳንቲሜትር ነበር። መምህሩ ሰፋ ቢል አይጎዳም አሉኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከቆላው ይሳሳል። ለመውጣት ይቀላል፤ ጃንጥላ ግን የሚይዘው አየር ያንሰዋል። ደጋ መኖራችን እዚህ ውስጥም እንደሚገባ አላሰብኩም ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ጨርቁ ከፌስታል ይወፍራልና ቆቡ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ልጄ ቆቡን በጣቷ እየሞከረች አሰፋችው። ሲዘቀዘቅ በራሱ ወለቅ የሚል ሆነ። እኔ ጨርቁን ልክ እንደ ነጠላ በቁመቱ አጠፍኩት፤ ክሩን ሳልጠቀልል በዚግዛግ አስተኛሁት። ሁለተኛው ላይ ጫፍ ደረሰ፣ ተገለበጠ፣ ቆቡ ወጣ። ቀዩ ጨርቅ አንዴ ተርገበገበና ተከፈተ። ልጆቹ አብረው ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ሰከንድ። ነፋሱ እየነዳው ከመስኩ አሳልፎ የጤፍ ጭድ ክምር ላይ አስቀመጠው። ከብት የሚጠብቁት አባት ሄደው አምጥተው በሁለት እጃቸው ለልጄ ሰጧት።

ምግቡን በአጭሩ፤ ክበቡ ምግብ አያቀርብም። አንዲት እናት ቅቅል ድንች በዳጣ ትሸጥ ነበር፤ ድንቹ ዱቄት የሆነ የደጋ ድንች ነው፣ ዳጣው ያቃጥላል፣ ጥሩ ነው። መጸዳጃ የለም። ጥላ የለም። ትንንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ኮፍያና ውሃ ያዙ። ቅያሪ ልብስም ያዙ፤ ገመዱን የሚስበው ልጅ ሳይበሰብስ አይመለስም።

ልላክ ወይስ አልላክ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ላኩ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። ባሩድ የሚባል ነገር አያስነኩም። የልጅን ጥያቄ አያሳፍሩም። ሲነገራቸው ይሰማሉ። አንዱን የቀነስኩት ለሰዓቱና ለተመልካቹ ቦታ ነው። እንዲያውም አብራችሁ ሂዱና ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታችሁ ተቀመጡ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ስምንት ጃንጥላ እየሰፋሁላቸው ነው። ሦስቱ አልቀዋል፤ ለአምስቱ ጨርቅ እፈልጋለሁ። ቤታችሁ የተሰበረ ጃንጥላ ካለ አትጣሉት። ሽቦውን ለቆራሌው ስጡት፣ ጨርቁን ለልጆቹ አምጡ። የልጅ ጃንጥላ ቢሆን ይመረጣል።