ስኪመሩና የድሬዳዋ ዛፍ፦ ከሰባት ወር በኋላ

ስኪመሩን፣ ማለትም የኩሬ ቆሻሻ መልቀሚያውን፣ ኅዳር ላይ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ስገዛው ሻጩ «ችግርህ ቅጠል ከሆነ በቃ፣ ተገላገልክ» ብሎኝ ነበር። የምን ቅጠል እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ከየካቲት ጀምሮ የምናደደው በዚያች ባልተጠየቀች ጥያቄ ነው።

ኩሬው ከዚራ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ የሲሚንቶ፣ 5 ሜትር በ4፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ። ዓሣ የለበትም። የሚንሳፈፉበት የእኔና የእህቴ ልጅ የሪሞት ጀልባዎች ናቸው። ከላዩ ያጠላው ደግሞ አገሩ ሁሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ባለቀይ አበባው ነው። ዘሩ የማዳጋስካር ነው ይባላል፤ ስሙን ግን ከእኛ ወሰደ፣ ቅጠሉንም እኛው ላይ ያራግፋል።

ስኪመር ለማያውቅ፦ የሚንሳፈፍ ቀለበት ነው፤ ከሥሩ ቅርጫት፣ ከቅርጫቱ ሥር 25 ዋት ፓምፕ አለው። ፓምፑ ውሃ ሲስብ ቀለበቱ ትንሽ ይሰምጥና የላይኛው ስስ ውሃ ብቻ እየፈሰሰ ይገባል፣ ቆሻሻው ቅርጫቱ ውስጥ ይቀራል። ውሃው በሙቀት ሲቀንስ አብሮ ስለሚወርድ ለድሬ ፀሐይ ተስማሚ ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር እንዲሁ አለፉ። ነፋስ ያመጣውን ፌስታል፣ ከአጥር ማዶ የሚወረወረውን የጫት ገረባ፣ ሁሉንም ለቀመ።

የካቲት ላይ ዛፉ ማራገፍ ጀመረ።

የድሬዳዋ ዛፍ እንደ ማንጎ አይደለም፣ ቅጠሉን አንድ አንድ አይጥልም። አንዱ ቅጠል ብቻውን መቶዎች ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት፤ አንዷ ቅንጣት ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። የቅርጫቱን ቀዳዳ በማስመሪያ ለካሁት፤ 5 ሚሊ ሜትር። የቅጠሏን ወርድ ለካሁ፤ 3። በቅርጫቱ ታልፋለች፣ በፓምፑ ትዞራለች፣ በወዲያ በኩል ወጥታ ተመልሳ ትንሳፈፋለች። መልቀሚያ ብዬ የገዛሁት ለካ ማዞሪያ ነው!

ይህ ብቻ ቢሆን እታገሥ ነበር። አንድ አርብ ከሰዓት የልጁ ጀልባ ኩሬው መሐል ቀጥ አለች። ስናወጣት የተቃጠለ ሽቦ ሸተተን። ፈጣን ጀልባ ሞተሯን የምታቀዘቅዘው ከሥሯ በሚገባ ውሃ ነው፤ የሚገባውም ከስክሪብቶ ቀፎ በቀጠነ ቱቦ። በሽቦ ስገፋው አራት ቅንጣቶች እንደተጠቀጠቀ ትምባሆ ተጣብቀው ወጡ። ልጁ ቅጠሎቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ አያቸው። ሞተሩ ደግሞ ከስኪመሩ ይወደዳል።

ተናድጄ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አቦ፣ ዛፉን ቁረጠዋ!»

አሁን ይህን ቢያነብ «ዕቃው ለሰፊ ቅጠል ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ የሳልክልኝ ቅጠል አምስት ጣት አለው፤ ድሬ ውስጥ የት እንደሚበቅል አሳየኝና ዝም እላለሁ። «እስከ 40 ካሬ ይጠርጋል» ይላል ካርቶኑ። የእኔ ኩሬ 20 ነው። ስኪመሩን በግማሽ ዋጋ ልሽጠው የተነሣሁበት ጊዜም ነበር። እሱ የድሬ ልጅ ሆኖ፣ በስሟ የሚጠራውን ዛፍ ቅጠል ሳያስብ እንዴት ይሸጣል?

መፍትሔው ከቤት ተገኘ። ባለቤቴ ያረጀ ስቶኪንግ ሰጠችኝ፤ ቅርጫቱን አለበስኩት። (የተቀደደ ቢሆን ይሻላል ብላ ነበር፤ አይሻልም፣ ሞክሬዋለሁ።) ከዚያ በኋላ አንዲት ቅንጣት አላለፈችም። ግን ስቶኪንጉ ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ውሃው ይታነቅና ቀለበቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ መልቀም ያቆማል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ማራገፍ ግድ ነው፣ ያውም ሶኬቱን ነቅሎ፤ መብራት እንደተሰካ እጅ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሌላው የተማርኩት፣ ካርቶኑ እንደሚያሳየው መሐል ማስቀመጥ ከንቱ ነው። ነፋሱ ቆሻሻውን የሚገፋበት ጥግ ላይ አሥሬው የሥራውን ግማሽ ነፋሱ ይሠራልኝ ጀመር።

የድሬ ውሃ ነጭ ድንጋይ እንደሚሠራ ጀበናችሁ ይመሰክራል፤ የፓምፑ ማዞሪያም ሁለቴ ደርቆ ቀጥ ብሏል። በአቼቶ ዘፍዝፎ ማሳደር በቂ ነው፣ በዚህ ሻጩን አልወቅስም።

ግንቦት ላይ ዛፉ አበበ። የአበባው ቅጠል ሰፊ ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ቡና ይዤ ስቀመጥ ቀያዮቹ ከየአቅጣጫው ቀስ እያሉ ወደ ጥጉ ይሄዱና አንድ በአንድ ቀለበቱ ውስጥ ይገባሉ፣ ልክ ሰልፍ የያዙ ይመስል። ትናንት የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

«ጋሼ፣ እንሸጠዋለን ብለህ አልነበር?» አለኝ።

«ሶኬቱን ንቀልና ቅርጫቱን አምጣው» አልኩት።