የአባባን ፎቶ ላነበቡልኝ ጋሼ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ያረጀ ጠመንጃ የሚጠግኑ፣ የተበተነ ዕቃ አገላብጠው አይተው ከየት እንደመጣ የሚናገሩ የአገራችን ሰው ናቸው። የሚሠሩት እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፈቃድ ባለው የአንድ አሜሪካዊ የጥገና ቤት ነው። «ለፈለገኝ ሰው ስጪ እንጂ ስሜን አደባባይ አታውጪ» ስላሉኝ ስማቸውን አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባባ ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር በ1952 ኮሪያ ዘምተው በ1953 ተመለሱ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የመሣሪያው ታሪክ የሚቆጠረው በዚያ ስለሆነ። አባባ ሲያርፉ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ፎቶ ነው። በረዶ ላይ ቆመዋል። ካፖርታቸው ሰፊ ነው፤ እሳቸው ቀጭን ናቸው። ደረታቸው ላይ አጭር ጠመንጃ አንግተዋል። ልጅ ሆኜ «ይቺ ምንድን ናት?» ስላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነበር። «ካርባይን ናት። ቀላል ናት። ብርድ ግን አትወድም።»

ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት እንደዚያች ያለች ኤም ዋን ካርባይን ፈልጌ ገዛሁ። ከነጋዴ፣ በሕጉ መሠረት፣ ወረቀቱን ሞልቼ ነው የገዛሁት። ሐሳቤ ሳሎን ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው የመስታወት ሳጥን፣ ከፎቶው ጎን ላስቀምጣት ነበር። ልጆቼ ቅድመ አያታቸው ምን ይዘው እንደዘመቱ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። የአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎችን ሳማክር ሁሉም አንድ ነገር አሉኝ። «ዕቃዋ ተደባልቋል። የመጀመሪያ ዕቃዋን ፈልገሽ መልሺላት።» እውነት ነው ተደባልቋል። ካርባይን በአንድ ፋብሪካ የተሠራች መሣሪያ አይደለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለአሥር ዋና ዋና ኩባንያዎች ሥራውን አከፋፈለ። ጠመንጃ መሥራት የለመደው ዊንቸስተር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አንደርውድ የጽሕፈት መኪና ሠሪ ነው። ሮክ ኦላ የሚታወቀው ሳንቲም እየተከተተበት በሚዘፍነው ጁክ ቦክስ ነው። አይቢኤምም ሠርቷል። ከሁሉም የበለጠ ያመረተው ኢንላንድ የሚባለው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ነው። ከ1942 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠራች። አብዛኞቹ ዕቃዎች የሠሪያቸውን ምልክት ይዘዋል። ምልክቱ አንዳንዴ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም።

የእኔዋ አካሏ የኢንላንድ ነው። በርሜሏ ላይ 11-43 የሚል ቀን አለ፤ ኅዳር 1943 ማለት ነው። ሌላው ዕቃ ግን የሌሎች ነው። እኔም እንደተመከርኩት የ1943 ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ስምንት ወር ሙሉ ከደመወዜ እየቆጠብኩ ገዛሁ። የማላውቀውንም «ብርቅ ነው» ሲሉኝ ገዛሁ። በመጨረሻ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ብረት አለኝ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም። ለአንድ የኋላ ማነጣጠሪያ ብቻ የከፈልኩትን ገንዘብ ለባለቤቴ እንኳ ለመናገር ከበደኝ።

ስለ ጋሼ የነገረችኝ የቤተ ክርስቲያን እህታችን ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑንና ካርባይኗን በመኪናዬ ጭኜ ሄድኩ። ፎቶውን ግን በአጋጣሚ ነው የያዝኩት፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጋሼ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። በወጣትነታቸው ክቡር ዘበኛ ገብተው መሣሪያ ጥገና ነበር የተመደቡት። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1953 በተፈራረሙት ወታደራዊ ስምምነት ብዙ የአሜሪካ መሣሪያ አገራችን ስለገባ፣ እጃቸው ያደገው በእነዚህ ዕቃዎች ነው። እዚህ መጥተው ብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ልጅነት ሥራቸው ተመለሱ።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ካርባይኗ ጥይት እንደሌላት ራሳቸው ማየት ነው። እኔ «ባዶ ናት» ብያለሁ፤ እሳቸው ግን ካዝናዋን አውጥተው፣ መዝጊያዋን ስበው፣ በዓይናቸው አይተው፣ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ዘረጉ። ካርቶኔን ቀስ ብለው ገለበጡ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ መብራቱን ከጎን እያበሩ፣ በማጉያ መነጽር ያዩ ጀመር።

«ይቺ ደብሊው ናት፤ ዊንቸስተር። ይቺ ኪው፤ ኳሊቲ ሃርድዌር። ይቺ ዩ፤ የጽሕፈት መኪናው ሰውዬ።» አይጣደፉም። የማያውቁትን ዕቃ ለብቻ ያስቀምጣሉ፤ በግምት አይናገሩም። ከአርባ በላይ ዕቃ ውስጥ ሦስቱን «መጽሐፍ ሳላይ አልናገርም» ብለው አቆዩአቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ደውለው ነገሩኝ።

ውድ የሆነችብኝ ማነጣጠሪያ ተራ ደረሰ። ሁለት ቅጠል ያላት፣ አንዱ ለ150 ያርድ አንዱ ለ300 ያርድ የሚገለበጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ካርባይኖች የነበራቸው ዓይነት ናት። ጋሼ ጥግ ጥጓን በጥፍራቸው ዳሰሱ። «ልጄ፣ ይቺ ቅጂ ናት።» ከዚያ ለምን እንደሆነ አሳዩኝ። የጥንቷ ከብረት ተቆርጣ የተሠራች ስለሆነች የመቁረጫው ጭረት ይታያል። የእኔዋ ቀልጣ በቅርጽ የፈሰሰች ናት። የቅርጹ መገጣጠሚያ ቀጭን መስመር ጎኗ ላይ ቀርታለች። አንዴ ካዩት በኋላ ለማመን የሚያዳግት አይደለም። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚታለል ዓይን የለኝም፤ ያንን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

ካርባይኗ ላይ ያለውን ማነጣጠሪያ ደግሞ ልጥለው ነበር። 7160060 የሚል ቁጥር አለበት። እኔ የመለያ ቁጥር መስሎኝ ስንት ቀን ፈልጌዋለሁ። «ይሄ የንድፍ ቁጥሩ ነው» አሉኝ። «በሺህ የሚቆጠሩ ማነጣጠሪያዎች ይሄንኑ ቁጥር ይዘዋል። አጠገቡ ያለውን ፊደል እዪ፤ ሠሪው እሱ ነው፤ ኢንተርናሽናል ሬጅስተር።» ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚስተካከል፣ ዘግይቶ የመጣ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «እስኪ ለምንድን ነው ወደ 1943 የምትመልሺያት?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ አባባ ነገርኳቸው፤ ፎቶውን አወጣሁ። ጋሼ ፎቶውን ሲያዩ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። እጃቸውን አድርቀው፣ ፎቶውን በጠርዙ ይዘው፣ ማጉያውን አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ነይ እዪ» አሉኝ። «ከአፈሙዙ በታች ጉብታ ታይሻለች?» ታየችኝ። ስንት ዓመት ፎቶውን ሳየው ጥላ ትመስለኝ ነበር። «የሳንጃ መያዣ ናት። በ1943 ካርባይን ሳንጃ መያዣ አልነበራትም። ይሄ የመጣው ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ነው።»

ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር ካርባይኖቹን ወደ ጥገና ቦታዎች ሰበሰባቸው። ፈታቱ፤ ዕቃውን በየዓይነቱ ከመሩት፤ መልሰው ሲገጥሙ የማን ዕቃ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ሁሉም እንዲገጥም ሆኖ ነው የተሠራው። በዚያው የድሮውን ማነጣጠሪያ በአዲሱ ለወጡ። የሳንጃ መያዣ ያለውን ቀለበት ገጠሙ። የደህንነት ቁልፏንም ለወጡ፤ የድሮዋ ተገፊ አዝራር ናት፤ ከካዝና መልቀቂያዋ ጎን ስለሆነች ወታደሩ በጭንቅ ጊዜ ተሳስቶ ካዝናውን መሬት ይጥለው ነበር። አዲሷ የምትዞር ናት። ከላይ ጠፍጣፋ የነበረው መዝጊያም በክቡ ተተካ።

የእኔዋን አነሡ። የምትዞር ቁልፍ። ክብ መዝጊያ። የሚስተካከል ማነጣጠሪያ። የሳንጃ መያዣ። ሰደፏ ላይ ሁለት «ኤ» ፊደል ተመትቷል፤ ጆርጂያ ውስጥ የነበረው የኦገስታ ጥገና ቦታ ምልክት ነው። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ኮሪያ የሄደችው እንዲህ ያለችዋ ናት። አያትሽ የያዙት ይሄንን ነው። ልታፈርሺው ነበር።»

አለቀስኩ። እውነቴን ነው፤ እዚያ ዘይት በሸተተ ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። ስምንት ወር ሙሉ ገንዘብ የማፈሰው የአባባን መሣሪያ ለማጥፋት ኖሯል። ማንም የአሜሪካ ሰብሳቢ ክፉ መክሮኝ አይደለም። እነሱ ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን ነው የሚፈልጉት። እኔ የምፈልገው አባባ በረዶው ላይ የቆሙበትን ቀን ነው። ልዩነቱን የጠየቀኝ ጋሼ ብቻ ናቸው።

የአባባን የብርድ ነገርም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮሪያ ውስጥ አሜሪካኖቹም ያንኑ ይሉ ነበር አሉኝ፤ በዚያ ብርድ ዘይቱ ይረጋና መሣሪያዋ ትለግም ነበር። አባባ ያጋነኑ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሌላ ውለታም አለባቸው። ከካርቶኔ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለይተው አወጡ። ኤም ቱ የሚባለው፣ እንደ መትረየስ ተከታታይ የሚተኩሰው ካርባይን ዕቃ ናት። እኔ ብርቅ ናት ተብዬ ነው የገዛኋት። የዚያ ዕቃ ሙሉ ስብስብ አንድ ሰው እጅ ከተገኘ፣ በአሜሪካ ሕግ ራሱ ስብስቡ እንደ መትረየስ ነው የሚቆጠረው። የኤም ቱ ሰደፍ ወይም ክቡ መዝጊያ ችግር የለውም፤ በጥገና ወቅት በብዙ ኤም ዋን ላይ ተገጥሟል። ይቺ ግን ሌላ ናት። የቤቱን ባለቤት ጠርተው፣ ፈቃዱ ያለው እሱ ስለሆነ፣ ምን መደረግ እንዳለበት እሱ እንዲነግረኝ አደረጉ። ዕቃ የምትሰበስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ «ብርቅ» የተባለ ሁሉ እቤት አይገባም። መጀመሪያ አሳዩ።

ይሄን የምጽፈው ለካርባይን ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ከአገራችን የወጡ አሮጌ መሣሪያዎች እዚህ አሜሪካ ሲሸጡ አይተናል። ብዙ ሀበሻ እየገዛ ነው፤ ደስ ይለኛል። ጋሼ እነሱንም ያውቃሉ፤ ያውም በአያቶቻችን ስም። ውጅግራ ሲሏችሁ የፈረንሳዩን ፉዚል ግራ ማለታቸው ነው። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። በልጅግ ከቤልጂግ የመጣ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለኢትዮጵያ ታዝዘው ከተሠሩት መውዜሮች ላይ ያለውን የአንበሳ ማኅተም አይተው፣ የተፋቀውን ካልተፋቀው ይለያሉ። ፈረንጁ ባለሙያ የዕቃውን ቁጥር ይነግራችኋል። ጋሼ ቁጥሩንም ስሙንም ይነግሯችኋል።

ስለ ዋጋ ለምትጠይቁኝ፦ ለዕቃው ሁሉና ለሁለት ሰዓት ሥራ 60 ዶላር ነው የጠየቁኝ። ለፎቶው ግን አልቀበልም አሉ። «የዘበኛ ፎቶ አይሸጥም» ነው ያሉት። ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ አትጠይቋቸው፤ አይናገሩም። ቶሎ የሚፈልግ ሰውም ባይሄድ ይሻላል። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው። እኔ ያቆዩአቸውን ሦስት ዕቃዎች ለማወቅ ሳምንት ጠብቄያለሁ፤ ግን ያሉት ልክ ነበር።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዕቃውን አትፈትጉት። እኔ እንዲያምር ብዬ ሁለቱን በብረት ሽቦ ፈትጌ ምልክታቸውን አጥፍቻለሁ፤ ጋሼ ያዘኑት በዚያ ብቻ ነው። ፎቶ የምትልኩላቸው ከሆነ መብራቱ ከጎን ይሁን፤ ከፊት ከበራ ፊደሉ አይታይም። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ። የቤተሰብ ፎቶ ካለ ደግሞ አብራችሁ ያዙ። ከብረቱ ይልቅ ፎቶው የነገራቸው ይበልጣል።

ካርባይኗ አሁን በሳጥኗ ናት። ምንም አልተለወጠባትም፤ የጎደለችው የዘይት ዕቃዋ ብቻ ተተክታለች። ማንገቻው ሰደፏ ውስጥ የሚያዘው በእሷ ነው። ጋሼ ናቸው ያገኙልኝ፤ ማንገቻውንም በፎቶው ላይ እንዳለው አድርገው አሠሩት።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሑድ አትደውሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሌላ ቀን ደውላችሁ ካላነሡ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት፤ እጃቸው ዘይት ስለሆነ ነው።