ውሃውን ሳይለካ ምንም የማይጨምር ሰው

ይህን መጻፍ የነበረብኝ ከወር በፊት ነው። ስንፍና ነው፣ ይቅርታ። ዛሬ ግን እናቴ ገንዳ ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆይታ ዓይኗ ሳይቀላ ስትወጣ ሳያት፣ የገንዳችንን ውሃ ያዳነልንን ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው አልኩ።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ሐኪሟ ውሃ ውስጥ እየተራመድሽ ተንቀሳቀሺ ካላት ወዲህ ግቢያችን ያለችው ትንሽ መዋኛ ገንዳ የቤቱ ዋና ጉዳይ ሆነች። ችግሩ ውሃው ነበር። ዛሬ ይጠራል፣ ከሦስት ቀን በኋላ አረንጓዴ ነው። እሷም ዓይኗ በርበሬ መስሎ ትወጣለች።

ያልጠራሁት ባለሙያ የለም። አንዱ ገና ከመግባቱ ዱቄቱን በተነው፣ መመርመሪያ የሚባል ነገር እጁ ላይ አልነበረም። ሌላው አሸተተና "ክሎሪኑ በዝቷል፣ ሁለት ሳምንት ምንም እንዳትጨምሪ" አለኝ። አልጨመርኩም። እንቁራሪት ቢገባበት አይገርመኝም ነበር። ሦስተኛውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። በየሳምንቱ የክሎሪን ኪኒን ይሸጥልኛል፣ ውሃው በተበላሸ ቁጥር "አሳንሰሽ ጨምረሽ ነው" ይለኛል፣ በመጨረሻ የፊልተሩን አሸዋ አስቀየረኝ፣ እሱም ምንም አልፈየደ፣ ከዚያ ስልኬን ማንሳት ተወ። ማንነታቸውን አልጽፍም። ልብ ይስጣቸው።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ ጓደኛዬ ናት። ሲመጣ የያዘው አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ ነው። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ጠርሙሷን አፏን ደፍቶ እስከ ክርኑ ነከራትና እዚያ ታች ገለበጣት። "የላይኛው ውሃ ይዋሻል እህቴ" አለኝ። ከዚያ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ፣ ቀለሙን እያየ፣ ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋል። እኔ የያዝኩት ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) በ7.2 እና በ7.8 መካከል መሆን እንዳለበትና ከዚያ ሲያልፍ ክሎሪኑ እንደሚሰንፍ ብቻ ነው። ያ የሚከረክረው ሽታም የክሎሪን ብዛት አይደለም ለካ! ከላብና ከሽንት ጋር ተጣብቆ የደከመ ክሎሪን ነው እንዲህ የሚሸተው፣ ዓይን የሚያቀላውም እሱ ነው።

ዳር ተቀምጣ የምታየውን እናቴን "እማማ፣ ይህቺን እርስዎ ይዩልኝ" አላት። ታቹ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት ቀጭን ቱቦ ናት። በመመርመሪያ ፈሳሽ ያደፈረሰውን የገንዳ ውሃ ቀስ እያለ ያፈስበታል፣ እሷ ነጥቧ ስትጠፋ ትናገራለች። ግማሽም ሳይሞላ "ጠፋች!" ብላ ጮኸች። ልጁ ሳቀና "እንግዲህ በሽታውን ያገኙት እርስዎ ነዎት" አላት። ያቺን ቀን እስከ ማታ ስታወራው ዋለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስትፍለቀለቅ አላየኋትም፣ ለእኔ ከውሃው በላይ ይኼ ነው።

በሽታው ምን መሰላችሁ? ያ ሁሉ ኪኒን! ለካ ኪኒኑ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከላከል ሌላ ነገር አብሮት አለ፣ የነጥቧ ቱቦ የምትለካውም እሱን ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ቢሆን ጥሩ ነው፣ የእኛ ከ100 አልፏል። ሲበዛ ክሎሪኑን ጨብጦ ሥራ ያስፈታዋል፣ በራሱም አይጠፋም። እኔ ገንዘቤን እየከፈልኩ ውሃዬን አሳምም ነበር ማለት ነው።

"ታዲያ ምን ልግዛ?" አልኩት። "ምንም። ግማሹን ውሃ አፍስሺና በንጹሕ ሙዪው" አለኝ። የምርመራውን ብቻ ተቀብሎ ሄደ። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ! ያለኝን ሁሉ ለመግዛት ዝግጁ ነበርኩ።

ገንዳው ሲሞላ ተመልሶ ለካው። ፈሳሹን ክሎሪን የጨመረውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፣ ቀን ፀሐይ ትበላዋለች ብሎ። የተረፈውን ኪኒን ደግሞ ከሌላ ክሎሪን ጋር በምንም ዓይነት እንዳትቀላቅዪ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ አስጠነቀቀኝ። አሁን በሳምንት ሁለቴ ራሴ እለካለሁ። የነጥቧ ቱቦ የወጣች ቀን ግን እናቴን ማንም አይቀድማትም።

ገንዳ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። እንደገና እላለሁ፣ ጥሩት። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትደውሉ ግን "ስንት ኪሎ ክሎሪን ልግዛ?" ብላችሁ እንዳትጀምሩ፣ "መቼ ነው የለካችሁት?" ብሎ ያፋጥጣችኋል።