ዝም ብሎ መግዛት ወይስ ለሻጩ መንገር?

አዳማ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ልዩነታቸውን ሳያውቅ የምኒልክን ብር ከኦስትሪያዋ ንግሥት ከማርያ ቴሬዛ ጠገራዎች (የድሮ የብር ሳንቲሞች) ጋር ደባልቆ በአንድ ዋጋ ይሸጣል እንበል። ሚዛን አይለያቸውም፤ ሁለቱም 28 ግራም ገደማ ናቸው። ጠገራው ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ በብዛት ሲመታ ኖሯል። ባለአንበሳው የምኒልክ ብር ፓሪስ የተመታ፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው ነው።

ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው አልዋሸም፤ ዕቃን ማወቅ የነጋዴው ሥራ ነው። «ይህ ተራ ጠገራ ነው አይደል?» ካለ ግን ማታለል ጀመረ። መናገር ትርፍ ያሳጣል፤ ግን ምናልባት ነጋዴው ቀጣዩን ዕቃ አስቀድሞ ለእርስዎ ያሳይ ይሆናል።

እኔ ከባለ ሱቅ ዝም ብዬ እገዛለሁ። የሟች ባላቸውን ሣጥን ከፍተው ለሚሸጡ እናት ግን እነግራለሁ። ከሱቁ ስወጣ እርምጃዬ መፍጠኑን አልክድም።