ከኖቫ ወደ ዩቪኤ ወይስ ከውድ ኮሌጅ ወደ አይቪ ሊግ፤ ለትራንስፈር የቱ ያዋጣል?

የካቲት ሲጋመስ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉልኝ እናቶች ናቸው። ቁጥሬን ከየት እንደሚያገኙት እንጃ። «የኔ ልጅ፣ አንተ ያለፍክበት ስለሆነ ነው። ልጄ የገባበት ኮሌጅ አልጣመውም። ወደ ትልቁ መዛወር ይችል ይሆን?» ትልቁ የቱ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ ሃርቫርድ ይሉኛል።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እዚህ አካባቢ የሐበሻ ልጅ ጥሩ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ በትራንስፈር ለመግባት የሚይዘው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ኖቫ፣ ማለትም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ፣ ገብቶ ሁለት ዓመት ተምሮ ኮሌጁ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ባለው የመግቢያ ዋስትና ስምምነት መሠረት ወደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያ (ዩቪኤ) ወይም ወደ ሌላ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ነው። ሁለተኛው ያገኙት የግል ኮሌጅ ገብቶ፣ «አንድ ዓመት ልቆይና ወደ አይቪ ሊግ (እነ ሃርቫርድና ፕሪንስተን ያሉበት የዝነኛ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ) እዛወራለሁ» ማለት ነው። ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ የኖቫ ልጅ ስለሆንኩ አደላለሁ።

ከገንዘቡ ልጀምር። ኖቫ ለቨርጂኒያ ነዋሪ አንዱ ክሬዲት 200 ዶላር ገደማ ነው። 60 ክሬዲት ቢበዛ 12 ሺ ዶላር ማለት ነው። ዩቪኤ ለነዋሪ ትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ20 ሺ ዶላር በላይ ነው። የቀሩትን ሁለት ዓመታት ስትደምሩት አራቱ ዓመት 60 ሺ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በግል ኮሌጅ ያንን ያህል ለአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ የሚያስከፍሉ ሞልተዋል። ፔል ግራንት የሚባል፣ መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ እርዳታ ደግሞ አለ። በ2024/25 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ሙሉውን ያገኘ ልጅ ኖቫን ከፍሎ ለመጻሕፍትም ይተርፈዋል። ውዱ ኮሌጅ ላይ ግን ያው ገንዘብ የትም አያደርሰውም። በመጨረሻ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው ዩቪኤ ነው። ከጀርባው «ኖቫ ጀምሮ የመጣ» ብሎ የሚጽፍ የለም።

አሁን ወደ ዕድሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለጀማሪ ተማሪ የሚወራውን የመቀበል መጠን ይዞ ለትራንስፈር ያሰላል። ሁለቱ አይገናኙም። ፕሪንስተን ከ1990 ጀምሮ ትራንስፈር መቀበል አቁሞ ነበር። በ2018 መልሶ ሲከፍት 1,429 ሰው አመልክቶ 13 ተቀበለ። ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ሃርቫርድም በአማካይ በዓመት 12 ሰው ቢቀበል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቦታ የሚገኘው የገባ ተማሪ ሲወጣ ነው፤ ሃርቫርድ ገብቶ ማን ይወጣል? ኮርኔል ግን እዚያው አይቪ ሊግ ውስጥ ሆኖ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትራንስፈሮች ይቀበላል። እናም «አይቪ ሊግ» ብሎ በጅምላ መመኘት አያዋጣም።

የየትምህርት ቤቱን ለማወቅ ለማንም መክፈል አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲውን ስም ጻፉና «ኮመን ዳታ ሴት» የሚለውን ጨምሩበት። ብዙዎቹ በየዓመቱ ያወጡታል። «ሲ» የሚለው ክፍል የጀማሪዎች ነው፤ እሱን እለፉት። «ዲ» የሚለው የትራንስፈር ነው። ስንት አመለከቱ፣ ስንት ተቀበሉ፣ ስንት ተመዘገቡ ይላል። የተቀበሉትን ላመለከቱት አካፍሉ። ያችን ቁጥር ሳያዩ ማመልከቻ መሙላት ሎተሪ ነው። ጓደኛዬ ሳያይ 9 ትምህርት ቤት አመልክቶ፣ በየአንዳንዱ ከ75 እስከ 85 ዶላር እየከፈለ፣ ወደ 700 ዶላር አቃጠለ። የሚያናድደው ገቢው ዝቅተኛ ስለነበር ክፍያው በነጻ ይታለፍለት ነበር። አልጠየቀማ!

የኖቫው መንገድ ግን ቁጥሩን አስቀድሞ ይነግራችኋል። ከዩቪኤ ጋር ያለው ስምምነት ጂፒኤ 3.4 ይጠይቃል፤ የትኛውም ኮርስ ከሲ በታች መሆን የለበትም። ሌላው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኤንድ ሜሪ 3.6 ይላል። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ከመጀመሪያው ቀን የኖቫም የጆርጅ ሜሰንም ተማሪ ሆናችሁ ትገባላችሁ። ውጤቴ 3.5 ከሆነ ዕድሌ ምን ያህል ነው ብሎ እንቅልፍ ማጣት የለም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ካሟላችሁ ገባችሁ። ሎስ አንጀለስ ያላችሁም ተመሳሳይ ነገር አላችሁ። ታግ ይባላል፤ ስድስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ገብተውበታል፣ በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤ እና ሳንዲዬጎ ግን የሉበትም።

ወረቀቱ ግን ጉድጓድ አለው። አንደኛ፣ የዲግሪው ዓይነት። ኖቫ ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ዲግሪዎች አሉ። «አፕላይድ ሳይንስ» የሚለው በቀጥታ ሥራ ለመግባት የተሠራ ነው። ለትራንስፈር የሚሆነው «አፕላይድ» የሌለበት ነው። በዚያች አንዲት ቃል ዓመት ሙሉ ያጠፋ ሰው አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ መማሪያ ኮርሶች (ኢኤስኤል) ለዲግሪው አይቆጠሩም፤ ጊዜያችሁን ስታሰሉ ጨምሯቸው። ሦስተኛ፣ ዋስትና አለኝ ብሎ መተኛት። ማመልከቻው ግድ ነው፤ ዩቪኤ ማርች 1 ይዘጋል። ደግሞ የንግድ ትምህርት ቤቱ ማኪንታየር በዚህ ዋስትና ውስጥ የለም፤ እሱ ውድድር ነው። ስምምነቱም ስለሚለዋወጥ የምትገቡበትን ዓመት ወረቀት አንብቡ እንጂ የዘመድ ወሬ አትመኑ። የኔንም ጨምሮ።

እኔ የተሸወድኩበትን ካልነገርኳችሁ ግን ምኑን ነገርኳችሁ። በዲቪ እንደመጣሁ ኖቫ ሄድኩ። ቨርጂኒያ ዓመት ስላልሞላኝ የነዋሪ ዋጋ እንደማላገኝ ነገሩኝ፤ እጥፍ ገደማ ነው። ተናደድኩ። በዚያው ሳምንት አንድ የሐበሻ ልጅ የሙያ ትምህርት ቤት አገናኘኝ። ቢሮው ያምራል፣ ቡና ይቀዳል፣ «ክሬዲቱን የትም ይዘህ ትሄዳለህ» አሉኝ። ሁለት ሴሚስተር ተማርኩ። 11 ሺ ዶላር፤ ግማሹ ብድር። ዓመት ሞልቶኝ ትራንስክሪፕቴን ይዤ ኖቫ ስመለስ የተቀበሉኝ ክሬዲት ዜሮ። ለካ ትምህርት ቤቱ ያለው የዕውቅና ዓይነት ሌላ ነው። ኋላ እንዳነበብኩት የአሜሪካ መንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ለትርፍ ከሚሠራ ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት የሚዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 94 በመቶ ክሬዲታቸውን ያጣሉ። ከመንግሥት ወደ መንግሥት የሚዛወሩት እንኳ 37 በመቶ። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ፔሉ ነው። በዕድሜ ልክ 12 ሴሚስተር ነው የሚሰጠው፤ ሁለቱ በከንቱ ሄዱ። ያኔ ፓርኪንግ እየሠራሁ ዓመቱን ብጠብቅ ኖሮ 11 ሺ በኪሴ ነበር።

«ሦስት ሺ ስጡኝ፣ አስገባዋለሁ» የሚል አማካሪም አለ። የኖቫ አማካሪ ነጻ ነው፤ ወረፋው ግን ያሰለቻል፤ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቀጠሮ ያዙ።

ለአይቪ ሊጉም ፍርድ አላጓድል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ ከገባ፣ ሀብታሞቹ ትምህርት ቤቶች በሚሰጡት እርዳታ የተነሳ ክፍያው ከዩቪኤ ሊረክስ ይችላል። ፕሪንስተንም ትራንስፈር መልሶ ሲከፍት ትኩረቴ ያለው የኮሙኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎችና የቀድሞ ወታደሮች ላይ ነው ብሏል። ታዲያ ከኖቫም ማመልከት ይቻላል። አንድ ሁለቱን ሞክሩ። ወድቃችሁ የምታርፉበት ዩቪኤ ከሆነ ምን ቸገረ? ከውዱ ኮሌጅ ሞክሮ የወደቀ ልጅ ግን የሚያርፈው እዚያው ያልጣመው ቦታ ላይ ነው፤ ያውም በዕዳ።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ የመጣችሁ፣ ትራንስክሪፕታችሁን ስታስገመግሙ በየኮርሱ የሚዘረዝረውን ግዙ። ረከሰ ብላችሁ አጠቃላዩን ብትገዙ ክሬዲት አያስገኝም፤ ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ (የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ) ደግሞ አስቀምጡ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አራት ኮርሶቼን «ምርጫ» ብለው መዘገቡብኝ፤ ለሜጀሬ አይቆጠሩም ማለት ነው። የሦስቱን ሲላበስ ኢሜሌ ውስጥ አግኝቼ ይግባኝ አልኩ። በስድስት ሳምንት አስተካከሉልኝ። የአራተኛውን፣ የስታትስቲክሱን፣ አላስቀመጥኩትም ነበር። ደግሜ ተማርኩት፤ በዩኒቨርሲቲው ዋጋ።